ልቡ ነው

ትብለጥ ባሏን የገደለው ልቡ ነው እያለች ዓመታት ኖረች።

መጀመሪያ ነገሩ ሁለት ቃል ብቻ ነበር። አገር ቤት ደውላ «ልቡ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋች፤ በቃ። ሰው እየጠየቀ እሷም እየመለሰች ሲሄድ ግን ውሸቱ እጅና እግር አወጣ። ለአንዷ «ከመሞቱ በፊት ግራ ክንዱን ሲያሻሽ አይቼው ነበር» ትላለች። ለሌላዋ «ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሻርጃ ለቅዳሴ የሚሰበሰቡት ሴቶች ስለ ልብ ሕመም የሚጠይቁት እሷን ሆነ። አንድ እሑድ አንዲት የባሕር ዳር ሴት ባሏን እጁን ይዛ አምጥታ ፊቷ አቆመችው። «እስኪ አንቺ ንገሪልኝ፤ የደረሰብሽ አንቺ ነሽ፤ ታውቂዋለሽ። እኔ ስለው አይሰማም» አለቻት። ትብለጥም ጨው ቀንስ፣ ጮማ ተው፣ በእግርህ ሂድ አለችው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ አመሰገናት። እሷ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ዞራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ምን እንደተለወጠ ራሷም አላወቀችም፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ እስኪያልፍላት ቆመች።

የማርቆስ ልብ ጤነኛ ነበር። ማርቆስ ራሱን ነው ያጠፋው።

ሁለቱ የተጋቡት ደብረ ታቦር ነው። ልጃቸው ቅድስት ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ለማርቆስ እናት ሰጥተዋት ወደ ዐረብ አገር ተሰደዱ፤ ትብለጥ ቀደመች፣ እሱ ተከተላት። እሷ አል ዋርቃ ውስጥ በአንዲት ማዳም ቪላ ተቀጠረች፤ ማደሪያዋም እዚያው ነበር። እሱ አል ጋርሁድ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ የጭነት መጋዘን ሹግል፣ ማለት ሥራ፣ አገኘና ሻርጃ ከሌሎች ወንዶች ጋር ክፍል ተጋራ። አገር ቤት ያሉት «ባልና ሚስት አንድ ላይ ናቸው፤ ታድለው» ይሏቸዋል። አንድ ላይ የሚሆኑት እሑድ ብቻ ነበር። በር የሚዘጉበት ቤት አልነበራቸውም። ስለዚህ በአውቶቡስ አጅማን ይሄዱና ባሕሩ ዳር፣ አሸዋው ላይ ፌስታል አንጥፈው ይቀመጣሉ። ፀሐዩ ሲከፋ ሞል ገብተው ምንም ሳይገዙ ሲዞሩ ይውላሉ። ሲመሽ እሷን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ በመስኮቱ በኩል እጁን ያነሣላታል። ትዳራቸው ይኸው ነበር።

ማርቆስ ወሬ የሚወድ፣ የአላፊ አግዳሚውን አካሄድ አስመስሎ ሰው የሚያስቅ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ግን ሁሉን ነገር ተወው። ባሕሩ ዳር እንደተቀመጡ ራሱን ጭኗ ላይ ጥሎ ይተኛል። እሷም ትቆጣለች፤ «በሳምንት አንድ ቀን ባገኝህ፣ እሷንም ትተኛባታለህ?» ትለዋለች። ከቅድስት ጋር በስልክ ማውራትም ቀነሰ። ለምን ስትለው «ድምጿን ስሰማ ይብስብኛል» አላት። ምኑ እንደሚብስበት አልጠየቀችውም።

በመጨረሻዋ እሑድ ብርቱካን ላጠና ሁሉንም ለእሷ ሰጣት። ከዚያ «ትቡ፣ ደክሞኛል» አለ።

«ማን ያልደከመ አለ?» አለችው።

እውነቷን ነበር። ማዳሟ ሳምንቱን ሙሉ እንግዳ ስትቀበል ሰንብታ፣ ትብለጥ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏት ነበር የመጣችው። ውሸት አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ግን ያቺን አንዲት እውነት፣ በኋላ ከዋሸቻቸው ውሸቶች ሁሉ አብልጣ ጠላቻት።

ባሏን ሞቶ ያገኘው የክፍል ጓደኛው ሰለሐዲን የሚባል የወሎ ልጅ ነው፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲመለስ። ደጋግሞ ደወለላት። ማዳም ግን በሥራ ሰዓት ስልኳን ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍባታለች። ፖሊስ ቃሉን ሲቀበለው አምሽቶ ለቀቀው፤ በማግስቱ ጠዋት አል ዋርቃ ድረስ መጥቶ የቪላውን ደወል ደወለ።

በሩን የከፈተችው ማዳም ነበረች። የማታውቀው ወንድ የሠራተኛዋን ስም ጠርቶ ሲጠይቅ ደሟ ፈላ። «ወንድ ቤቴ ድረስ? ሙሽኪላ፣ ችግር ነው የምትፈልገው?» እያለች ጮኸች። ሰለሐዲን መላው ሲጠፋው በዐረብኛ ነገራት። ትብለጥ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከኋላ ስትደርስ የማዳም ፊት ከቁጣ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ አየች። የባሏን ሞት ከእሷ በፊት ማዳሟ ሰማች።

«ራሱን ነው ያጠፋው፣ ትብለጥ» አለ ሰለሐዲን በአማርኛ። ዓይኑ ቀልቶ አብጧል።

ከአፏ መጀመሪያ የወጣው ጩኸት አልነበረም። «ማን ሰምቷል?» አለች።

«እኔና የክፍሉ ልጆች። ፖሊስም።»

«አበሻ አለበት?»

«ከእኔ በቀር የለም።»

«ልቡ ነው። ከአሁን ጀምሮ ልቡ ነው። ማልልኝ።»

«ዋላሂ» አለ ሰለሐዲን። ሌላ ምን ይበል?

ሐዘኗን ውሸቷ የቀደመው የሚመጣውን ስላወቀች ነው። በአገሯ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም። ልጅ ሆና አንድ ጊዜ በዓይኗ አይታለች፤ ጥቂት ወንዶች ያለ ካህን፣ ያለ ጥላ፣ አፈሩን ቶሎ ቶሎ መልሰው ሲበተኑ። ማርቆስን እንዲያ ሲያደርጉት፣ እናቱ ከሩቅ ቆመው ሲያዩ፣ ቅድስትም ያንን ስም ይዛ ስታድግ ታያት።

አስከሬኑ አገር ቤት የተላከው ማርቆስ ሲሠራበት በኖረው መጋዘን በኩል ነው። እንዲህ ያሉ ሣጥኖችን እሱም ጭኗል፤ አንዴ «ዛሬ የአገራችንን ልጅ ሸኘሁ» ብሏት ነበር። ትብለጥ አብሬው ልሂድ ብላ ማዳምን ለመነቻት። «ሄደሽ ምን ታደርጊለታለሽ? ኸላስ፣ ሞቷል። አላህ ይማረው» አለች ማዳም። ክፉ ሆናም አልነበረም፤ እንደ ምክር ነው ያለችው። ጥቂት ቀን ከክፍልሽ አትውጪ፣ እረፊ አለቻት። ቀኖቹ ሳያልቁ በሩን አንኳኩታ የሚተኮስ ልብስ በዘንቢል አስቀመጠችላት።

ከሣጥኑ ጋር የሄደው ወረቀት በዐረብኛ ነበር፤ ያነበበው አልነበረም። ደብረ ታቦር ላይ ማርቆስ በሙሉ ፍትሐት ተቀበረ። አማቷ ቪዲዮውን አስላኩላት። ካህናቱ ጥላ ዘርግተው ይታያሉ፤ አገሩ በሙሉ ወጥቷል። ቅድስት የሰው ትልቅ ጥቁር ነጠላ ለብሳ፣ ጫፉ አፈር ላይ እየተጎተተ፣ ወዴት እንደምታይ ግራ ገብቷት ቆማለች። ትብለጥ ማዳም ጠርታት እስክትነሣ ድረስ ያቺን ቦታ እየመለሰች አየቻት።

ኮንትራቷ ሲያልቅ ማዳምን ተሰናብታ አል ጋርሁድ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ሆና ገባች፤ ካራማ ደግሞ ቢድ ስፔስ፣ በጋራ ክፍል ውስጥ አንዲት አልጋ፣ ተከራየች። ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ሀሚዳ የምትባል የደሴ ሴት ነበረች፤ ምላሷ ስል፣ ሆዷ ገር። በሰው ፊት ትብለጥ ሐዘንተኛ ናት። ብቻዋን ስትሆን ግን የሚመጣባት ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነበር። ሽንኩርት እየከተፈች ትሰድበዋለች። «አንተ ተኛህ፣ እኔ ልቁም አይደል? ልጅቷን ለማን ትተህ ነው? ንገረኛ!» ትለዋለች።

ሀሚዳ አንድ ቀን ኩሽናው በር ላይ ቆማ ሰማቻት። «ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?»

«ከባሌ ጋር።»

«ሙት አይሰማም።»

«በቁሙም አልሰማኝ» አለችና ቢላውን አስቀምጣ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ለሰው ነገረች።

ሀሚዳ የፈጣሪ ሥራ ነው አላለችም። አላለቀሰችላትምም። አጠገቧ ተቀመጠችና «እና ይህ የልብ ወሬ ለምንድን ነው?» አለቻት።

«ቀብር እንዲያገኝ።»

«አገኘ?»

«አገኘ።»

«ታዲያ አሁን ለማን ነው የምትዋሺው?»

«ለቅድስት።»

«ለቅድስት» አለች ሀሚዳ። ማመኗም አለማመኗም ሳይታወቅ ሽንኩርቱን አንሥታ መክተፍ ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ትብለጥ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ጥቁሯን አውልቃ ቢጫ ቀሚስ ገዛች። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያነጥፉ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር የምትስቅበት ቀን መጣ፤ ስቃ ስታበቃ ግን የሰው ዕቃ እንደ ነካች ሁሉ ዙሪያዋን ታያለች።

የማርቆስ ታናሽ ወንድም ቸሩ በኤጀንሲ መጥቶ አጅማን መኪና እጥበት ቤት ሲቀጠር ደስም አላት፣ ፈራችም። አንገቱ፣ ሲሄድ አንድ ትከሻውን ዘንበል ማድረጉ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈኑ ቁርጥ ማርቆስ ነው። እሑድ እሑድ ምግብ ሠርታ ትወስድለታለች። «እታለም» ነው የሚላት። እሱ ሲበላ እሷ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ትቀመጣለች።

ቸሩ ግን ውሎ ሳያድር ምግቡን እየቀነሰ መጣ። «እታለም፣ ወንድሜን መጀመሪያ ምኑን ነበር ያመመው?» ይላታል። «ግራ ክንዱን ነው ያልሽው? እኔንም እኮ ግራ ክንዴን ያመኛል።» ቀኑን ሙሉ መኪና ሲፈትግ የሚውል ሰው ክንዱን ባያመው ነበር የሚገርመው። እሱ ግን ነገሩ በዘር ነው፣ ወንድሜን የቀጠፈው እኔንም ይቀጥፈኛል ብሎ አምኗል። ኳስ ተወ። ሻይ ተወ። ተኝቶ የልቡን ምት ሲያዳምጥ ያድራል። ክሊኒክ ሄዶ ደህና ነህ ሲሉት አላመነም፤ ሌላ ክሊኒክ ሄደ።

«አንተን ምንም አይነካህም» ትለዋለች ትብለጥ።

«በምን ታውቂያለሽ?»

አንድ እሑድ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር፤ ቅድስት ትዝ አለቻትና መልሳ ዘጋችው።

በመጨረሻ ቸሩ ሰለሐዲንን ፈልጎ ሻርጃ ሄደ። «ወንድሜን እንዴት እንዳደረገው ንገረኝ፤ እኔንም እንደሱ ሊያደርገኝ ነው» አለው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሰለሐዲን መሐላውን ለማንም ሳያፈርስ ቆይቶ ነበር። አሁን ፊቱ የተቀመጠው ልጅ ግን በሌለ በሽታ እየሞተ ነው።

«ቸሩ፣ ያንተ ልብ ደህና ነው» አለው። «የወንድምህም ልብ ደህና ነበር።»

ቸሩ በዚያው ዕለት ካራማ መጣ። ሕንፃው ሥር ካለው ካፌተሪያ በር ላይ ቆሞ ደወለላትና ወረደች። እታለም አላላትም።

«ትብለጥ፣ ወንድሜን ምን አድርገሽው ነው?»

ከፊቱ ገባት። «ምንም አላደረግሁትም» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ ድምጿ ወርዶ፣ «ምንም አላደረግሁለትም» አለች።

«ሣጥኑን በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜያለሁ! ልቤን ይዤ ስንቀጠቀጥ እያየሽ፣ ቁጭ ብለሽ ወጥ ታቀርቢልኛለሽ?»

ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ዞረው አዩዋቸው። ሀሚዳ ባዶ እግሯን ደረጃውን ወርዳ መሐላቸው ገባች። «አንተ ልጅ፣ ድምፅህን ቀንስ» አለችው።

«ለእናቴ እነግራታለሁ» አለ ቸሩ።

«እኔን የፈለግኸውን አድርገኝ» አለች ትብለጥ። «ለእናትህ ብለህ ተው። ለቅድስት ብለህ ተው።»

«አንቺ ያሰብሽላቸው ይበቃቸዋል» ብሎ ጥሏት ሄደ።

ነገራቸው። አማቷ የደወሉላት ትብለጥ ሆቴሉ የአንሶላ ክፍል ውስጥ ሳለች ነው። ሰላምታ አልነበረም።

«እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው፣ እናቴ።»

በስልኩ ውስጥ ዶሮ ይሰማል።

«እንዲያ ሆኖ ነው ደጀ ሰላም አስገብቼ ያስፈታሁት? በልጄ ሬሳ ላይ አስዋሸሽኝ?»

«ልጅዎ ፍትሐት እንዳይቀርበት ብዬ ነው።»

«ለሱ ብለሽ አይደለም። ለራስሽ ነው። ሚስቱ የት ነበረች እንዳይሉሽ ነው።»

ግማሹ እውነት ነበር።

«እኔ እዚህ ነኝ። አንቺ እዚያ ነበርሽ» አሉ አማቷ። «ልጄን ለማን ነበር አደራ የሰጠሁት?»

«እኔስ፣ እናቴ? እኔ ለማን ነበር አደራ የተሰጠሁት?» አለች፤ ሳታስበው ነው የወጣት።

«ቅድስትን ከእንግዲህ አትጠይቂኝ» ብለው ዘጉት።

ከዚያ ወዲያ ስትደውል አይነሣም። በቸሩ በኩል ብትሞክር ቁጥሯን ዘግቶባታል። ለቅድስት ልብስና ደብተር አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጠች፤ ዕቃው ደብረ ታቦር ደርሶ ተመለሰ።

ሲጨንቃት ለንስሐ አባቷ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። አባ እስክትጨርስ ሰሟት። «ልጄ፣ ሕመም አእምሮውን የነሣው ሰው በፈቃዱ እንዳደረገ አይቆጠርም። ለእንዲህ ያለው ይጸለይለታል። ውሸትሽ ግን ያንቺ ነው፣ ንስሐ ትገቢበታለሽ» አሏት።

ትብለጥ ከተናገሩት ሁሉ የመጀመሪያውን ነው የያዘችው። «አባ፣ ይህንኑ ለአማቴ ይንገሩልኝ። አሁን ልደውልልዎት» አለችና ስልኳን ዘረጋችላቸው።

አባ ስልኩን አዩት። «ይህ በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም» አሉ።

መስቀላቸውን ተሳልማ ወጣች። ታዲያ በምን እንደሚሆን አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ግቢ ውስጥ ያቺ የባሕር ዳር ሴት ጠብቃ ያዘቻት። ወሬው ደርሷታል። «እኛንም ዋሸሽን? ባሌ እኮ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጨው የሌለው ወጥ ሲበላ ከረመ!» አለቻት። ትብለጥ ልትስቅ ነበር፤ ሴትየዋ ግን የምሯን ነበር። ከዚያ በኋላ ቅዳሴ ስትመጣ አጠገቧ የሚቆሙት ሴቶች እየቀነሱ ሄዱ። ባልሽን ምን ገደለው ብሎ የሚጠይቃት አዲስ ሰው ሲመጣ «ራሱን አጥፍቶ» ትላለች፣ ስሟን እንደምትናገር ሁሉ። ጠያቂው ይደነግጣል፣ ሰበብ ፈልጎ ይርቃል። ቀለላት ማለት አይቻልም። ብቻ ለማን ምን እንዳለች ማስታወስ ቀረላት።

ብርዱ ገብቶ ሰው አመሻሹን ደጅ መቀመጥ በጀመረበት ሰሞን ቸሩ ሳይታሰብ መጣ። ከሆቴሉ የሠራተኞች በር ፊት ለፊት ቆሞ ስትወጣ ጠበቃት። ከስቷል። ደረቱን ማሻሸቱን ትቷል፤ አሁን እጁን የት እንደሚያደርገው የቸገረው ይመስላል።

«ቅድስት ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች» አላት። «እናቴ ለእህቷ አውርታ፣ ከእህቷ ወደ ሰፈሩ ወጣ። ልጆቹ ይሰድቧታል። አንዷን በድንጋይ ፈንክታታለች።»

«አንተ ነህ» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

ተያይዘው ካራማ ወረዱና የዚያን ካፌተሪያ ጥግ ያዙ። ቸሩ ደወለ፤ የሱን እናቱ ያነሡለታል። ሰላም ከተባባሉ በኋላ ቅድስትን ስጪኝ አለና ስልኩን ለትብለጥ አቀበላት።

ልጅቷ አድጋለች። ፊቷ ረዝሟል፣ ጸጉሯ ሳይበጠር ታስሯል። እናቷን ስታይ ፈገግ አላለችም። ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች።

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እንዳትዋሺኝ።»

«አልዋሽሽም።»

«አባዬ በኔ ምክንያት ነው? አንድ ቀን ደውሎ አላናግረውም ብዬ ነበር። ጨዋታ ላይ ነበርኩ። አያቴ ነይ ስትለኝ ቆይ አልኩ። ከዚያ ዘጋው።»

ትብለጥ ይህችን ነገር ልጅቷ ለብቻዋ ስንት ዘመን ይዛት እንደኖረች አሰበች።

«እኔንም ደክሞኛል ሲለኝ ማን ያልደከመ አለ ብዬዋለሁ» አለቻት። «ሰለሐዲን የሚባል ጓደኛው ደግሞ ያን ቀን ጠዋት አባትሽ ሻይ አብረን እንጠጣ ሲለው ረፍዶብኛል ብሎት ሄዷል። ሁላችንም የምንለው አለን። በማናችንም ምክንያት አይደለም። አባትሽ ታሞ ነበር።»

«ልቡን ነው?»

«ልቡን አይደለም። ሐሳቡን ነው። ሰው እንደዚያ ሲታመም ከውጭ አይታይም። እኔ ትንሽ ታይቶኝ ነበር፤ በሽታ መሆኑን ግን አላወቅሁም።»

«ታዲያ ለምን ልቡ ነው አልሽኝ?»

«ፈርቼ።»

«አሁንስ ለምንድን ነው የምትነግሪኝ?»

«ስለሰማሽ።»

«ባልሰማ ኖሮ አትነግሪኝም ነበር?»

ቸሩ ከጎኗ ሆኖ በዓይኑ ለመናት። ትብለጥ የልጅቷን ፊት አየች። «አልነግርሽም ነበር» አለች።

ቅድስት ጥቂት አፈጠጠችባትና ስልኩን ዘጋችው።

«ምነው እንደሱ ባትያት?» አለ ቸሩ።

«ሌላ ውሸት ልጨምርላት?» አለችው። ሻይዋ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ቸሩ አንገቱን ደፍቶ «ይቅር በዪኝ፣ እታለም» አለ። ይቅር ልትለው አልቻለችም፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ብቻ ነገረችው።

ቅድስት ለሳምንታት ጠፍታ ቆየችና አንድ ቀን ከጎረቤት ስልክ ደወለች። አያቴ አታውቅም አለች። ስለ አባቷ አላነሣችም። ትምህርት ቤት መመለሷን፣ የፈነከተቻት ልጅ አሁን አጠገቧ እንደምትቀመጥ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ አንዳንዴ ትደውላለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ትብለጥን አስጠብቃ ትቀራለች። ስታኮርፍ ታኮርፋለች፣ ስትሰድብም ትሰድባለች። «አንቺ እንደሆነ እዚያው ለምደሻል» አለቻት አንድ ጊዜ። ትብለጥ ሁሉንም ተቀበለች።

«መጥቼ ልውሰድሽ? ቤት ተከራይተን ለብቻችን እንኖራለን» አለቻት በሌላ ቀን።

«አልሄድም። አያቴ ብቻዋን ናት፣ ማታ ማታ ታለቅሳለች። አንቺ ከፈለግሽ ነዪ።»

ትብለጥ ሆቴሉን ለመልቀቅ አመለከተች። ሀሚዳ ስትሰማ ተቆጣች። «ሰው ከዚያ ወደዚህ ይመጣል፤ አንቺ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ? እዚያ ማን ይጠብቅሻል?» አለቻት።

«የሚጠብቀኝስ የለም» አለች ትብለጥ። «የምትሰድበኝ አለች። ቀርባ ትስደበኝ።»

እመጣለሁ ብላ ብታስነግር፣ አማቷ በቸሩ በኩል መልስ ላኩ። ትምጣ፤ የኔን ደጅ ግን እንዳትረግጥ፤ ልጅቷ ከፈለገች ወጥታ ትያት፣ ነበር መልሱ። ቸሩ ቃሉን አለስልሶ ሊነግራት ሲሞክር ከፊቱ አንብባ፣ እንዳሉት ንገረኝ አለችው። እንዳሉት ነገራት። ደጃቸው የሚታይበት፣ የሚከራይ ቤት አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። አለ አላት።

ከመሄዷ በፊት ካራማ ጫማ ቤት ገብታ ስትመርጥ የልጇን እግር ልክ እንደማታውቅ ገባት። ሻጩ «ያላ፣ ቁጥር ስንት?» እያለ ቆሞ ይጠብቃታል። ለጎረቤትየዋ ደውላ ቅድስትን አስጠራቻት።

«ሠላሳ ስድስት» አለች ልጅቷ። ቀጥላም፦ «ግን ከፍ አድርገሽ ግዢ። አንቺ እስክትመጪ ያድጋል።»

ትብለጥ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆመች። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ልጅቷ አልዘጋችም፤ ትንፋሿ ይሰማል።

«ሠላሳ ስድስት» አለችው ሻጩን።